ከድንጋዩ እስከ ዋርካው

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የማዳምን የሳሎን መጋረጃ እየተኮስኩ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የአገር ቤት ነው፤ ግን አላውቀውም። በስደት የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ መርዶ ነው የሚጠብቀው። ካውያውን አቁሜ አነሳሁት።

«ወይዘሮ ብርቄ ነዎት? ከደንገል በር ማዘጋጃ ቤት ነው የምደውለው። ሰናይት እባላለሁ፤ የፕላን ክፍል ባለሙያ ነኝ።»

ደንገል በር የተወለድኩባት የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ኩዌት፣ ሱራ ሰፈር ድረስ እኔን ፈልጎ የሚደውልበት ምን ጉዳይ እንዳለው ሊገባኝ አልቻለም።

«አቶ ታፈረን ያውቋቸዋል? ኩዌት የነበሩትን ቀያሽ?»

«እንዴ! ጋሽ ታፈረን? እንዴት ናቸው?»

«ባለፈው ሳምንት አረፉ። የሰሙ መስሎኝ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መጋረጃውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ነፍስ ይማር ማለቱም ዘግይቶ ነው የመጣልኝ። ልጅቱም ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ለከተማው አዲስ ፕላን የሐይቁን ዳርቻ ወሰን እየከለልን ነው። አቶ ታፈረ ያመጡልን ካርታ ላይ ውሃው በዚያ በትልቁ ሙላት ጊዜ የደረሰበት ሁሉ በነጥብ ተመልክቷል። በየነጥቡ ጎን የመሰከረው ሰው ስም አለ። ሁሉም በቀለም ነው የተጻፈው፤ የእርስዎ ብቻ በእርሳስ ነው። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

አሳምሬ አውቃለሁ። «ማዳም እየጠራችኝ ነው፤ ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ያን ጊዜ ደውይልኝ» አልኳትና ዘጋሁት። ማዳም ቤት አልነበረችም። ሞታቸውን በሰማሁበት ሰዓት እንኳ ዋሸሁ።

እስከ ዓርብ ድረስ ያሉትን ቀናት እሳቸውን ሳስብ ነው ያሳለፍኳቸው።

ጋሽ ታፈረ ሐዋሊ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የአንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሐሪስ ነበሩ፤ ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኛ ይባል እንጂ ሥራው ደረጃ መወልወል፣ የተከራዮችን መኪና ማጠብ፣ የጋዝ ሲሊንደር ፎቅ ላይ ማድረስ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሲወለውሉም፣ ሲበሉም፣ ሲተኙም ሳይሆን አይቀርም፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም። ወደሳቸው የወሰደችኝ ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር የምትሠራው አብሮ አደጌ አልማዝ ናት። «የአገርሽ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል፣ ግን ደግ ናቸው» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ገና በሩ ላይ እንዳዩኝ ሰውዬው ከወንበራቸው ተነሡና፦ «የደንገል በር ልጅ ነሽ? በትልቁ ሙላት ጊዜ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» አሉኝ።

እኔም አፌ አያርፍም። «መጀመሪያ እንደምን ዋልሽ ይባላል» አልኳቸው።

ሳቁ። «እውነትሽን ነው። እንደምን ዋልሽ? እስከ የት ደረሰ?»

ትልቁ ሙላት የምንለው እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ታናሽ ወንድሜ እንዳለ በተወለደ ክረምት የሆነውን ነው። ሐይቁ ለዓመታት ሸሽቶ ሸሽቶ፣ ሰው ዳርቻው ላይ ቤት ሠርቶ፣ ቃሪያ ተክሎ፣ ልጅ ድሮ ከኖረ በኋላ በአንድ ክረምት ተመልሶ መጣ። ጋሽ ታፈረ ኩዌት ውስጥ ያገኙትን የደንገል በር ሰው ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። ሹፌሩንም፣ ሞግዚቷንም፣ ግንበኛውንም። ያልነበረ ሰው እናቱ ጋ ደውሎ ጠይቆ እንዲመጣ ያዙታል። ተከራዮቹ የሚጥሏቸውን ትልልቅ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አጣብቀው፣ በነጩ ጀርባቸው ላይ ከተማችንን ሥለውበት ነበር፤ ሲዘረጋ ክፍላቸው አይበቃውም፣ ጫፉ አልጋቸው ላይ ይወጣል። ርዕሱን በትልቁ ጽፈውታል፦ «ደንገል በር፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት»።

«ጋሼ» አለቻቸው አልማዝ አንድ ቀን፣ «በሃምሳ ዓመት እኮ እርስዎም የሉም፣ እኛም የለንም።»

«ለዚህ እኮ ነው የማቅደው። ላለ ሰውማ ማንም ያቅዳል።»

ሌላ የሚወዱት አነጋገር ነበራቸው፦ «ወደፊት ሃምሳ ዓመት ማየት ያማረው ሰው ወደኋላ ሃምሳ ዓመት ይጠይቅ።» እኛ ግን ለፕላኑ ብለን አልነበረም የምንሄደው። ሳምንቱን ሙሉ «ታዓሊ፣ ሩሂ»፣ ነይ፣ ሂጂ፣ ስንባል ለምንውል ሰዎች የልጅነት ደጃችንን በስም የሚጠራልን ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤቱ አጥር፣ የዓሣ ገበያው፣ የእነ እከሌ ጥግ። ሱራ ያለው ቤት ውስጥ እኔ ሠራተኛዋ ነኝ፤ እንጀራ ሆኖብኝ ነው። እሳቸው ክፍል ስገባ የታንኳ ነጂው ልጅ ነኝ።

አሠራራቸው ግን ያስቅ ነበር። «ሩቅ» ወይም «ቅርብ» ብሎ ነገር እሳቸው ዘንድ አይሠራም። «ሩቅ የሚባል ቦታ የለም፤ ስንት እርምጃ?» ይላሉ። የልጅነት ትዝታ ነው፣ እርምጃውም የልጅ ነው። ስለዚህ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብለው ይጠይቁና ግድግዳቸው ላይ የለጠፉትን ወረቀት ያያሉ። የአምስት ዓመት ልጅ እርምጃ ይህን ያህል፣ የስድስት ዓመት ይህን ያህል፣ እያለ እስከ አሥራ አምስት ይሄዳል። ከየት አመጡት ቢባል፣ የሕንፃውን የግብፃውያንና የሶርያውያን ልጆች ኮሪደር ላይ በከረሜላ እያባበሉ አራምደው ለክተዋቸው ነው።

ከዚያም ምስክሩን ወደ ሰርዳብ ያወርዱታል፤ ምድር ቤት ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ዓርብ ከሰዓት ባዶ ይሆናል። «ይኼ ዓምድ የእናንተ በር ነው እንበል። ስድስት ዓመትሽ ነው። እንስራ ይዘሻል። ሂጂ» ይላሉ። አልማዝ ያን ትልቅ ሰውነቷን ይዛ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ጥቅልል ጥቅልል እያለች ስትራመድ ማየት ነበር! አንዳንዱ እየሳቀ ይጀምርና መሐል ላይ ያለቅሳል። በላይ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የደረሰ ሰው፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመና «እዚህ ጋ እናቴ ትጠራኝ ነበር» ብሎ መሬቱን ማየት ጀመረ። ጋሽ ታፈረ አላጽናኑትም። በጠመኔ ምልክት አደረጉና «ስንተኛው ላይ ነበርክ? ሠላሳ ሰባት። እንቀጥል» አሉት። እሱም ዓይኑን ጠርጎ ቀጠለ።

ወለሉ በጠመኔ ከተማ ሆኖ ሲውል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ግብፃዊ መምህር መኪናውን እየነዳ ይመጣና ልክ ሐይቁ መሐል ያቆመዋል። እኛ በሳቅ እንሞታለን፤ እሱ ምን እንደሚያስቀን ገብቶት አያውቅም።

የሕንፃው ባለቤት አቡ ፋሃድ የሚባሉ አዛውንት ኩዌታዊ ነበሩ። አንድ ዓርብ ሳይታሰብ ወረዱ። አለቀልን፣ ጋሽ ታፈረም ከሥራ ይባረራሉ ብለን ደነገጥን። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠመኔውን ሲያዩ ቆዩና ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ታፈረ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛቸው አስረዷቸው። አቡ ፋሃድ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፤ «የኛ ፈሪጅ እዚህ ነበር በል» አሉ፤ ሰፈር ማለታቸው ነው። «ባሕሩ እደጃችን ይመጣ ነበር። አባቴ ጀልባውን በራፋችን ላይ ያስር ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው፤ እኔ እንኳ ቦታውን አላገኘውም።» ጋሽ ታፈረ ጠመኔውን አቀበሏቸው። ሀብታሙ ሽማግሌ ጎንበስ ማለት ስላቃታቸው እሳቸው በምርኩዝ እያሳዩ፣ ዘበኛቸው እየሣለ፣ ከደንገል በር ጎን አንድ የፈረሰ የኩዌት ሰፈር ተሣለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አቡ ፋሃድ የጠመኔውን ነገር በክፉ አንሥተው አያውቁም።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያስገርመኝ ነበር። ጋሽ ታፈረ ማንንም «ተሳስተሃል» አይሉም። አልማዝና በላይ የወፍጮ ቤቱ ቦታ ላይ ተጣልተው ለሁለት ዓርብ ሳይነጋገሩ ቀሩ። እሳቸው ሁለቱንም ቦታ ነጥብ አድርገው፣ ሁለቱንም ስም ጻፉ። በኋላ አገር ቤት ሲጠየቅ ወፍጮው ከሙላቱ በፊት አንዱ ጋ፣ ከሙላቱ በኋላ ሌላው ጋ ነበር።

የኛ ሰፈር፣ ዋርካ ሰፈር፣ ተራው የደረሰው በመጨረሻ ነው። ለእኔ ያመጣው መዘዝም ይኸው ነው። ቀደም ብሎ ቢሆን እውነቱን ተናግሬ እገላገል ነበር።

ወንድሜ እንዳለ በዚያ ሰሞን ቦታ አገኘልኝ። እኔ ኩዌት ስኖር ያለኝ ሕልም አንድ ነው፤ ስመለስ የምገባበት ቤት። ወላጆቻችን አርፈዋል፣ የድሮው ጎጆ ፈርሷል። እንዳለ በስልክ ፎቶውን ላከልኝ፤ ሐይቁ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ለምለም፣ ከላይ ዋርካው፣ ከታች እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ። ቦታው በሁለቱ መካከል ነው። «እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለተኛ አይገኝም» አለኝ። ሌት ተቀን ያን ፎቶ እያየሁ በረንዳዬን በየት በኩል እንደማወጣ አስብ ነበር።

ያን ዓርብ ጋሽ ታፈረ «ብርቄ፣ ዛሬ ያንቺ ነው» አሉኝ። ሰርዳቡ ውስጥ አራተኛውን ዓምድ መታ መታ አደረጉ። «ይኼ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ዛሬም አለ፣ ከሱ እንነሣ። ፊትሽን ወደ ዋርካው አዙሪ። ስምንት ዓመትሽ ነው። ውሃው እስከ ቆመበት ሂጂ።»

ውሃው የቆመው ዋርካው ሥር ነው። እንዳለ በተወለደ ሳምንት አባቴ ታንኳውን ከግንዱ ጋር አስሮት ነበር። እኔ ሥሩ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ውሃ ውስጥ አንጠልጥዬ ስጫወት አዳልጦኝ ገብቼ፣ አባቴ በፀጉሬ ጎትቶ ነው ያወጣኝ። ይህን ብረሳ ስሜን ረስቻለሁ ማለት ነው።

እግሬን አነሣሁ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ያን ጊዜ በረንዳዬ ታየኝ፤ እሳቸው ነጥቡን እላይ ካደረጉት፣ ወረቀቱም አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ከደረሰ፣ ቤቴ ውሃ ውስጥ ነው ማለት ነው። እግሬን መለስኩ።

«እዚሁ ነው» አልኩ። «ድንጋዩ ጋ ነው የቆመው።»

ጋሽ ታፈረ እግሬን አዩ፤ ፊቴን አላዩም። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱና ጻፉ።

ከዚያ ሻይ አፈሉልን። ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ከዚያ በፊት ተናግረውት የማያውቁትን ነገር ያን ቀን ነው የነገሩን።

«ወጣት ሆኜ የደንገል በር ቀያሽ ነበርኩ» አሉ። «በድርቁ ዘመን ሐይቁ ሸሽቶ የለቀቀውን መሬት ለክቼ ችካል የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ከገበያው በታች ያለውን። ስለካ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ፣ ‹ልጄ፣ ይህ ችካልህ ያለበት ቦታ ላይ እኔ ዓሣ ይዤበታለሁ› አለኝ። እኔ ትምህርት ቀምሻለሁ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዣለሁ። ‹አባቴ፣ እኔ የማምነው መሣሪያዬን ነው› አልኩት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል አይደል የሚባለው? የምልሰው እኔ ነበርኩ። ሰው ሠራበት፣ ገባበት። ከዚያ ውሃው መጣ። በችኮላ አልነበረም የመጣው፤ ቀን በቀን ነው፣ ሰው እያየው። መጀመሪያ ወለሉ ረጠበ፣ ከዚያ ግድግዳው እንደ ዳቦ ራሰ። ያ ሽማግሌ በታንኳው የሰዎቹን ዕቃ ሲያመላልስ አየሁት። እኔንም አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ከዚያስ ጋሼ?» አለች አልማዝ።

«ሸሸሁ። ውሃው ገና እየጨመረ ሳለ ከከተማው ወጣሁ። እስከ የት እንደደረሰ አላየሁም።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ለዚህ ነው እናንተን የምጠይቀው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያየ ሰው የተናገረውን ላልሰርዝ ምያለሁ። አንዴ ሰርዤ አይቼዋለሁ።»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ሻዩ እጄ ላይ በረደ። አልተናገርኩም።

ቤቱ ተሠራ። አምስት ክፍል፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ሐይቁን የሚያይ ሰፊ በረንዳ። እኔ እስክመለስ እንዳለ ከነልጆቹ ገባበት። ፎቶውን ለሰው ሁሉ አሳየሁ፤ ሳላሳያቸው መቅረት ያስጠረጥራል ብዬ ለጋሽ ታፈረም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«መልካም ቤት ነው» አሉ። «በረንዳው ሰፊ ነው። ከበስተጀርባ የሚታየው ዋርካው ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«አድጓል» አሉና ስልኬን መለሱልኝ።

ለአንድ ዓመት ያህል ተቀየምኳቸው። በደለኛዋ እኔ፣ ተቀያሚዋም እኔ! እሳቸው ምንም ሳይሉኝ፣ ምቀኛ ናቸው፣ ቤት ያልሠራ ሰው ቤት የሠራ አይወድም፣ እያልኩ ለአልማዝ አወራሁ። ዓርብ ሲመጣ ሌላ ሰበብ እየፈለግሁ ቀረሁ። ሐይቁም እንደሆነ ንቅንቅ አላለም። በየክረምቱ እንዳለን «ውሃው እንዴት ነው?» እለዋለሁ፣ «ምን ያደርጋል፣ እዚያው ነው» ይለኛል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ግን አባቴ ያዘወትረው የነበረ ነገር ነው።

የታረቅነው ሊሄዱ ሲሉ ነው። ኩላሊታቸውን ታመው፣ ኢቃማቸውም፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ሳይታደስ ቀርቶ፣ አቡ ፋሃድ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠውላቸው ወደ አገር ሊገቡ ሆነ። ልሰናበታቸው ስሄድ ካርታውን ጠቅልለው በውሃ መስመር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከተውት፣ ሁለቱን አፍ በፌስታል አስረው አገኘኋቸው። ሌላ ሻንጣ የሚባል ነገር የላቸውም ማለት ይቻላል። ተሳሳምን። አለቀስኩ። የአገር ቤት ቁጥራቸውን ጽፈው ሰጡኝና «ያስታወስሽው ነገር ካለ ደውይ» አሉኝ።

ደወልኩ። ለዓመት በዓል፣ ለፋሲካ፣ አንዳንዴም እንዲያው ሲከፋኝ። ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ያወሩኛል፤ በየሳምንቱ ቱቦዋን ይዘው ሄደው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ኃላፊው ይቀየራል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ያስረዳሉ። መጀመሪያ እንደ እብድ ያዩዋቸው ነበር፤ በኋላ አንዲት ሴት ባለሙያ መጥታ ወረቀቱን ዘርግታ አየችላቸው። «ብርቄ፣ ጠረጴዛዋ አልበቃ ብሎ ወለሉ ላይ ዘረጋችው!» አሉኝ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ ከመዝጋታቸው በፊት፦ «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?»

«የለም ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ» እላለሁ። የአነጋገር ልማዳቸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አውቆ የተደበቀ ቢጠሩት አይሰማም።

ሰናይት በደወለች ማግስት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ለእንዳለ ደውዬ ሁሉን ነገርኩት። የተወለደበትን ክረምት፣ ታንኳውን፣ የዋሸሁትን።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ?» አለኝ። «ነጥቡ እላይ ከሆነ እኮ ቤቱ የተከለከለ ቦታ ነው የሚሆነው፤ ተነሱ ነው የሚሉን። ለሞተ ሰው ነጥብ ብለሽ የዕድሜሽን ላብ ልታፈርሺ ነው? ድንጋዩ ጋ ነው በያቸውና ይለቁሻል።»

የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ቤቴን ገብቼበት እንኳ አላውቅም፤ በረንዳው ላይ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም። ሲያልፍልኝ የማርፍበት ብዬ የምጠራው በዓለም ላይ ያለኝ ይኸው ነው።

ዓርብ ወደ ሐዋሊ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። አዲሱ ሐሪስ የባንግላዴሽ ሰው ነው። የታፈረ ዘመድ ነኝ ስለው እንድወርድ ፈቀደልኝ። ሰርዳቡ ታጥቧል፤ ጠመኔ የሚባል የለም። አራተኛው ዓምድ ግን የት ይሄዳል፣ እዚያው ቆሟል። ሥሩ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ብርቄ፣ ሰናይት ነኝ። ዛሬ ይመችዎታል?»

«ይመቸኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ነጥቧ ላይ የጻፉት ነገር አለ?»

«አለ። ከስምዎ ሥር ነው። ላንብብልዎት?» ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። «‹አፏ ድንጋዩ ጋ ነው አለ፤ እግሯ ግን አልቆመም። እሷ ትናገራለች። እስክትናገር በቀለም አታድርጉት።›»

ዓምዱን ደገፍ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?» እያሉ ይጠብቁኝ ነበር። ዋሽቼም ሳለ አንድ ቀን እውነቱን ትናገራለች ብለው ያመኑብኝ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አለቀስኩ፤ ልጅቱም እንደሰማችኝ ገብቶኛል፣ ግን አላፈርኩም።

«ይቅርታ እትዬ፣ ላስቸኩልዎት አይደለም» አለች። «ሌሎቹን ነጥቦች በየሰፈሩ ካሉ ሽማግሌዎች ጋር አመሳክረናቸዋል፤ ልክ ናቸው። የእናንተ ሰፈር ግን ያን ጊዜ ያዩት ሁሉ አልፈዋል። የቀረን የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ድንጋዩ ጋ ከሆነ ከሱ በላይ ያለውን ባዶ መሬት ለሠላሳ አባወራ ልንመራው ነው። ለዚህ ነው የምጨነቀው።»

ሠላሳ አባወራ። ወለሉ ረጠበ፣ ግድግዳው እንደ ዳቦ ራሰ ያሉት ትዝ አለኝ።

«ስልኩን አትዝጊው» አልኳት። «ቁጠሪልኝ። ድንጋዩ ጋ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነው።»

ምን እንደማወራ አልጠየቀችኝም፤ ከሳቸው ጋር ስለሠራች ታውቀዋለች ማለት ነው። ፊቴን ወደ ዋርካው አዞርኩና ተራመድኩ። በዚህ ጉልበቴ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ቦርሳዬን እንደ እንስራ አቅፌ፣ በትንንሹ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሃያ ላይ የቤቴ ደጅ ነው። ሠላሳ ላይ ሳሎኑ። ባንግላዴሻዊው ሐሪስ ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ይየኝ። አርባ ሁለት ላይ ጓዳው አለቀ። ስልሳ አራት ላይ ቆምኩ።

«እዚህ ጋ ነው» አልኳት። «ስልሳ አራት። አባቴ ታንኳውን ያሰረበት ግንድ ነው። የስምንት ዓመት እርምጃ ነው፤ የሚመነዘርበት ወረቀት ከካርታው ጋር መኖር አለበት።»

«አለ፣ ይዤዋለሁ።» ስትጽፍ፣ ስታሰላ፣ ከዚያም መስመሩን ስታሰምር ጠበቅኳት። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሰማሁት ይመስለኛል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። በቀለም አድርጌዋለሁ።» ከዚያ ድምጿ ዝግ አለ። «አንድ የመጨረሻ ነገር። ከድንጋዩ በላይ፣ ከዋርካው በታች፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው አንድ ቤት አለ። ከመስመሩ ውስጥ ገባ። ባለቤቱን ማነጋገር አለብን። የማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አልኳት። «የእኔ ነው።»